ስለ ሽብር ውግዘትና ስለ ሰሚው ሕዝብ
(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



በአንድ ከተማ ቦምብ ፈንድቶ ንጹሓን ሰዎች ባለቁ ጊዜ፣ አድራጊዎቹም በእስልምና ስም የሚምሉ ሆነው ሲገኙ፣ የሟቾቹ ቁጥር ገና ተጣርቶ ሳይታወቅ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ሙስሊሞቹ ስለ ምን አያወግዙም?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ በባሕር ማዶ ጋዜጦች ብቻ ተወስኖ የሚቀር አይደለም። በየመሥሪያ ቤታችንም በሻይ ሰዓት ይሰማል፤ በወሬው ምናልባት ከእኛ ይልቅ ያዘነውን የሥራ ባልደረባችንን «የእናንተ ሰዎችስ ምን ይላሉ?» ብሎ ፊት ለፊት የሚጠይቀው አይታጣም። ተጠያቂውም ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ደብዳቤ ትቶ፣ ባላደረገው ነገር መልስ ለመስጠት ይገደዳል። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ጥያቄ ነው። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠራለን፤ የአገራችን ነገር ሲደርስ ግን በራሳችን አቆጣጠር እንናገራለን።

ጥያቄው እስካሁን መልስ ያላገኘ ቢሆን ኖሮ መጠየቁ ባልከፋ ነበር። ዳሩ ግን መልሱ ከተሰጠ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 በአሜሪካ ወደ 3,000 የሚጠጋ ሰው በተገደለ ጊዜ፣ በካይሮ የአልአዝሃር ታላቁ ኢማም ሼክ ሙሐመድ ሰይድ ጠንጣዊ፣ በሳዑዲ ዐረቢያም ታላቁ ሙፍቲ፣ እንደዚሁም የእስልምና ጉባኤ ድርጅት ዋና ጸሐፊ ድርጊቱን ያወገዙት ሳምንት ሳይሞላ ነው። ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በማይስማማው አገር በኢራን እንኳ፣ የቴህራን ሰዎች አደባባይ ወጥተው ለሟቾቹ ሻማ አብርተዋል። በ2004 በማድሪድ ባቡሮች ላይ በተጠመደው ቦምብ ከ190 በላይ ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ ልክ በዓመቱ የስፔን እስልምና ኮሚሽን ኦሳማ ቢን ላደንንና አልቃይዳን በስም ጠርቶ ፈትዋ አወጣባቸው። ፈትዋ ማለት የሃይማኖቱን ሕግ የተማሩ ሰዎች የሚሰጡት ፍርድ ነው። በ2014ም ከ120 የሚበልጡ ሊቃውንት፣ ራሱን ከሊፋ ብሎ ለሰየመው ለአልባግዳዲ በዐረብኛ ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው፣ ሥራው ከቁርዓንና ከሕጉ ጋር የሚጣላበትን ነጥብ በነጥብ አስረድተውታል።

በአሜሪካ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የምትማር አንዲት ወጣት፣ ከትምህርት ጓደኛዋ ይህ የተለመደ ጥያቄ በቀረበላት ጊዜ ክርክሩን ትታ መዝገብ ወደ ማሰናዳት ሄደች። ሙስሊሞች ሽብርንና ሌላውንም ግፍ ያወገዙበትን ቃል ከነምንጩ እየለቀመች በ2016 አንድ ላይ ብታደርገው 712 ገጽ ሆነ። በመዝገብ ቤት ሥራ ያለፈ ሰው የዚህን ፋይል ውፍረት በዐይነ ኅሊናው ሊመለከተው ይችላል።

ታዲያ ይህን ያህል የተባለው ነገር ስለ ምን አልተሰማም? አንደኛው ምክንያት የወሬ ጠባይ ነው። ፍንዳታ በፊት ገጽ ይወጣል፤ መግለጫ ግን ቢወጣም በውስጥ ገጽ፣ በትንሽ ፊደል ነው። በዚህ ላይ ብዙ ሐተታ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ የጠለቀ ነው። በቋንቋችን ውግዘት የሚለው ቃል ከቤተ ክህነት ጋር የተሳሰረ ነው። የሚያወግዝ ሰው የማሰርና የመፍታት ሥልጣን ያለው ነው፤ ያወገዘውም ከማኅበሩ ይለያል። ስለዚህ የእኛ ሰው «ሙስሊሞች ያውግዙ» ሲል፣ ሳይታወቀው፣ እንደ ፓትርያርክ ወይም እንደ ሲኖዶስ ያለ አንድ አካል ተነሥቶ አሸባሪውን ቆርጦ እንዲጥለው ይጠብቃል። በሱኒ እስልምና ዘንድ ግን ሁሉን የሚያስር እንዲህ ያለ አንድ መንበር የለም። አልአዝሃር እጅግ የተከበረ ነው፤ ቃሉ ግን ምክር እንጂ በዓለም ላለው ሙስሊም ሁሉ የሚጸና ትእዛዝ አይደለም። ከአንድ አፍ የሚጠበቀው ቃል ከሺህ አፍ እየተበታተነ ስለሚወጣ፣ ለሩቅ ሰሚ ዝምታ ይመስለዋል።

ከዚህም የባሰ የመሳሳት ምክንያት አለ። በ2014 መጨረሻ አልአዝሃር እስላማዊ መንግሥት ነኝ የሚለውን ቡድን እየነቀፈ፣ አባሎቹን ግን «ከእስልምና የወጡ ከሐዲዎች» ብሎ ለመፈረጅ አልፈቀደም። ይህ ወሬ በተሰማ ጊዜ ብዙ ሰው «እነሆ፣ ተከላከለላቸው!» አለ። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። የዚህ ዐይነት ቡድን ዋና መሣሪያው ከእርሱ ጋር ያልተስማማውን ሙስሊም ሁሉ ከሐዲ እያለ ደሙን መፍቀድ ነው፤ ይህም በዐረብኛ ተክፊር ይባላል። በ2005 ከ50 አገሮች የመጡ ወደ 200 የሚጠጉ ሊቃውንት በዮርዳኖስ ዋና ከተማ በዐማን ተሰብስበው ተክፊርን የከለከሉት ስለዚሁ ነበር። አልአዝሃርም ሌሎች እንዳይመዙት የከለከለውን ሰይፍ ራሱ ሊመዘው አልወደደም። የስፔኑ ኮሚሽን በበኩሉ ቢን ላደንን ሙስሊም አይደለም እስከ ማለት ደርሷል። ከሁለቱ የትኛው ትክክል እንደ ሆነ ሊቃውንቱ ይከራከሩበት፤ ሁለቱም ግን ነፍሰ ገዳዩን አልደገፉም።

ይሁን እንጂ ሰሚው ሕዝብ የተጠራጠረው በከንቱ ብቻ ነው ብንል እውነት አንናገርም። ሴፕቴምበር 11ን ፈጥነው ካወገዙት መካከል ዝነኛው ሼክ ዩሱፍ አልቀረዳዊ ይገኙበታል፤ እኒሁ ሰው በእስራኤል ላይ የሚደረገውን የአጥፍቶ መጥፋት ጥቃት በሌላ ጊዜ ፈቅደዋል። በ2002ም የእስልምና ጉባኤ ድርጅት ሚኒስትሮች በኳላ ሉምፑር በተሰበሰቡ ጊዜ ሽብርን በብርቱ ቃል ቢያወግዙም፣ የፍልስጥኤማውያን ትግል ከሽብር ጋር እንዳይቆጠር ሲሉ ለይተው አወጡት። ውግዘት «ነገር ግን» የሚል ቃል በተከተለው ጊዜ፣ ሰሚ የሚያስታውሰው ከ«ነገር ግን» በኋላ ያለውን ነው። በእኛ አስተያየት፣ በአውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ሥራው የሚሄድን ሰው መግደል በየትም አገር ያው ነው። የጥቂቶቹ «ነገር ግን» ያለ አንዳች ማመካኛ የተናገሩትን የብዙዎቹን ቃል አደብዝዞባቸዋል።

የሕዝብ አሳብ ደግሞ በመግለጫ ብቻ አይለወጥም። ከላይ የጠቀስነው ጉባኤ በተደረገባት በዐማን፣ በዚያው ዓመት በኖቬምበር 9 ቀን፣ ገዳዮች ሦስት ሆቴሎች ገብተው ቦምብ አፈነዱ፤ ከሆቴሎቹ በአንዱ ውስጥ ሰርግ ነበር። ወደ 60 የሚጠጋ ሰው አለቀ፤ አብዛኛው ሙስሊም ነው። በማግስቱ ሕዝቡ በብዙ ሺህ ሆኖ ነፍሰ ገዳዩን ዘርቃዊን እየረገመ አደባባይ ወጣ። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ድርጅት እንደ መዘገበው፣ አጥፍቶ መጥፋት አንዳንድ ጊዜ ይገባል የሚሉት ዮርዳኖሳውያን በ2005 ከመቶ 57 የነበሩት በ2006 ወደ 29 ወረዱ። ሬሳውን ከሰርጉ አዳራሽ ያነሣ ሰው ፈትዋ እስኪነበብለት አልጠበቀም።

በጁላይ 22 ቀን 2011 በኖርዌይ አንድ ሰው ብቻውን 77 ነፍስ ሲያጠፋ፣ የክርስቲያን አውሮፓ ጠበቃ ነኝ ይል ነበር። በዚያን ጊዜ ግን ማንም በየመሥሪያ ቤቱ እየዞረ ክርስቲያኑን ባልደረባውን «አወግዛለሁ በል» ሲል አልሰማንም፤ መጠየቁም ባልተገባ ነበር።

ወደ አገራችን እንመለስ። በሚያዝያ ወር 2007 ዓ.ም. በሊቢያ ምድር ወደ 30 የሚጠጉ ክርስቲያን ወንድሞቻችን ሲታረዱና ሲረሸኑ የሚያሳየው ፊልም በወጣ ጊዜ፣ ሁለቱ ሟቾች የአዲስ አበባ የቂርቆስ ሰፈር ልጆች ነበሩ። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ወዲያው ግድያውን አወገዘ። ይህን የሚያስታውስ ዛሬ ስንት ሰው ይገኛል? ፊልሙን ያልረሳው ግን ብዙ ነው።

በአውሮፓውያን በ2015 ዲሴምበር 21 ቀን፣ ከወሰናችን አጠገብ ወዳለችው ወደ ኬንያዋ ማንዴራ በሚሄድ አውቶቡስ ላይ የአልሸባብ ሰዎች አደጋ ጣሉ። በዚሁ አካባቢ ከዓመት በፊት እነዚሁ ሰዎች አውቶቡስ አስቁመው ሙስሊም ያልሆኑትን እየለዩ 28 ተሳፋሪዎች ገድለው ነበር። አሁንም ሙስሊሞቹ ተለይተው እንዲቆሙ አዘዙ። ተሳፋሪዎቹ አልለይም አሉ፤ ሴቶቹ ለክርስቲያኖቹ መሸፈኛቸውን አውልቀው ሰጡ፤ ወይ ሁላችንን ግደሉ፣ ወይ ተዉን አሏቸው። ሳላህ ፋራህ የተባለ ሙስሊም መምህር በዚህ መካከል በጥይት ተመታ። በናይሮቢ ሆስፒታል ሲታከም ሰንብቶ በ2016 ጃንዋሪ ወር ዐረፈ። የኬንያ መንግሥት ከሞቱ በኋላ ኒሻን ሰጠው፤ በ2017 ደግሞ በጀርመን አገር የሐምቡርግ የፊልም ተማሪዎች ታሪኩን «ዋቱ ወቴ» በሚል ስም አጭር ፊልም አድርገው አሳዩት።