ከምግብ በኋላ ያለው ቁጥር

(በዳላስ–ፎርት ዎርዝ በተካሄደው የማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

እራት ሊቀርብ ስለሆነ አላስረዝምም። የማወራውም ስለ እራቱ ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ከዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ የማመላልስ ሹፌር ነኝ። ከስኳር ሕመም ጋር ስኖር 6 ዓመቴ ነው።

ለረጅም ጊዜ ስኳሬን የምለካው ጠዋት በባዶ ሆዴ ብቻ ነበር። 120፣ 126 ሲል «ተመስገን» ብዬ ወደ ሥራ እወጣለሁ። ሐኪሜ ግን የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየውን ኤ ዋን ሲ የሚባለውን ምርመራ አይታ «8.1 ነው» አለችኝ። ለብዙዎቻችን የሚመከረው ከ7 በታች ነው። «መለኪያዬ ተበላሽቶ ይሆናል» አልኳት። «እራት ከበላህ በኋላ ለክተህ ታውቃለህ?» አለችኝ። አንድም ቀን ለክቼ አላውቅም።

የዚያን ዕለት ማታ እንደ ልማዴ ሁለት እንጀራ በሽሮና በድንች ወጥ በላሁ፤ አንድ ጣሳ ለስላሳም ጠጣሁ። መብላት ከጀመርኩ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ጣቴን ወግቼ ብለካ 246 ሆነ። ደነገጥኩ። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር ለአብዛኞቹ አዋቂ ሕሙማን የሚመክረው ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ መብላት ከተጀመረ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ደግሞ ከ180 በታች ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝና ድንች ሲፈጩ ወደ ስኳርነት ተለውጠው ደም ውስጥ ይገባሉ። ከቆሽት የሚወጣው ኢንሱሊን ስኳሩን ከደም ወደ ሰውነታችን ሴሎች ያስገባል። እንደ እኔ ዓይነት 2 ስኳር ያለበት ሰው ግን ኢንሱሊኑ ይዘገያል፣ አይበቃም፣ ወይም ሰውነቱ አይታዘዝለትም። ስኳሩም ደም ውስጥ ይቆያል፤ ሌሊት ቀስ ብሎ ወርዶ ጠዋት ደህና መስሎ ይታያል።

«የጤፍ ከሆነ ችግር የለውም» የምንል አለን። ጤፍ ጥሩ እህል ነው፤ ግን አብዛኛው ክፍሉ ስታርች ስለሆነ እሱም ስኳር ከፍ ያደርጋል። ዋናው መጠኑ ነው።

እንጀራን አልተውኩም። ሁለቱን ወደ አንድ አወረድኩ። ጎመንና ሰላጣ አብዝቼ አስቀድሜ እበላለሁ። ለስላሳውን በውኃ ተካሁ፤ አንዱ ጣሳ ወደ 10 የሻይ ማንኪያ ስኳር አለው። ከእራት በኋላ 15 ደቂቃ እራመዳለሁ፤ የሚሠራ ጡንቻ ስኳር ይጠቀማልና። የዳላስ የሐምሌ ሙቀት ውጭ አላስወጣ ሲለኝ ሞል ውስጥ እዞራለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያው ሰዓት ብለካ 168 አየሁ።

መድኃኒቴን ግን በራሴ አልቀነስኩም። ጿሚዎችም ጾም ሳይገባ ሐኪም አማክሩ። ስኳራችሁ ከ70 በታች ከወረደ ግማሽ ኩባያ ጭማቂ ጠጥታችሁ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ።

በቅርቡ እናቴ በስልክ «ጤና ጣቢያ ለክተውኝ ደህና ነው አሉኝ» አለችኝ። «እማዬ፣ መቼ ነው የለኩሽ?» አልኳት። «ጠዋት ነዋ ልጄ፣ እህል ሳልቀምስ።» እኔን ለዓመታት ያዘናጋኝ ያው ቁጥር ነው። ስለዚህ ወደ አገር ቤት መለኪያ የምንልክ ሁሉ ስትሪፑንም አብዝተን እንላክ። መለኪያው የሚሠራው በራሱ ስትሪፕ ብቻ ነው፤ ስትሪፑ ካለቀ ዕቃው ሣጥን ውስጥ ይቀራል። ጊዜው ያላለፈበት መሆኑንም እንይ።

አሁን እራት ሲቀርብ አንድ ልመና አለኝ። አጠገባችሁ ያለው ሰው «በቃኝ» ካለ «በሞቴ» ብላችሁ አታጉርሱት። ይልቅ ከእራት በኋላ አብራችሁት አዳራሹን ዙሩ። እኔም አብሬያችሁ እዞራለሁ።