የሙቀት ምስል በፎም ውስጥ ምን ያሳየናል? ምንስ ያመልጠዋል?



እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 16 ቀን 2003 ኮሎምቢያ የተሰኘችው የጠፈር መንኩራኩር በተወነጨፈች በ82ኛው ሰከንድ ገደማ፣ ከውጫዊው የነዳጅ ታንክ የተገነጠለ፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ ግራም የማይሞላ የፎም ቁራጭ የግራ ክንፏን መታ። ከ16 ቀናት በኋላ ወደ ምድር ስትመለስ ተሰባበረች፤ ሰባቱም ጠፈርተኞች ሕይወታቸው አለፈ። ፎም ቀላል ቁስ ነው፤ በውስጡ የሚደበቀው ጉድለት ግን ቀላል አይደለም።

ፎምን ሳንቆርጥ ለመመርመር ከሚያገለግሉን መሣሪያዎች አንዱ የሙቀት ምስል ካሜራ ነው። ይሁንና ካሜራው ውሃንም ሆነ ስንጥቅን በቀጥታ አያይም። የሚለካው ከቁሱ ገጽ የሚወጣውን የታሕተ ቀይ ጨረር ብቻ ነው፤ የቀረውን የምንተረጉመው እኛ ነን።

እርጥበትን በተመለከተ ትርጓሜው ይቀናል። ውሃ ሙቀትን በማስተላለፍ ረገድ አየርን ከ20 ጊዜ በላይ ይበልጣል፤ ሙቀት የመያዝ ዐቅሙም ከፍተኛ ነው። ስለዚህ ቀን በፀሐይ የሞቀ፣ በፎም የተሸፈነ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ደረቁ ክፍል ፈጥኖ ሲቀዘቅዝ፣ እርጥቡ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ በምስሉም ላይ ደምቆ ይታያል።

ደረቅ ስንጥቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በብረት ወይም በኮንክሪት ውስጥ ከገጹ ትይዩ የሆነ ስንጥቅ የሙቀትን ጉዞ ስለሚያግድ ይለያል። ፎም ግን ራሱ በአብዛኛው ጋዝ ነው፤ በስንጥቁ ውስጥ ያለው አየርና በዙሪያው ያለው ፎም ሙቀትን የሚያስተላልፉት በተቀራራቢ መጠን ነው። ጥልቀትም ችግሩን ያባብሰዋል፤ ጉድለቱ የሚገኝበት ጥልቀት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ጊዜ ይፈልጋል፤ የሚታየውም ልዩነት ይደበዝዛል። ውሃ የገባበትን ስንጥቅ ልናገኘው እንችላለን፤ ደረቁ ግን በቀላሉ ያመልጠናል። ከኮሎምቢያ አደጋ በኋላ ናሳ የታንኩን ፎም ለመፈተሽ የቴራኸርዝ ሞገድንና ተመላሽ ኤክስሬይን መጠቀሙ፣ ለእንዲህ ያለው ቁስ ከአንድ በላይ ዐይን እንደሚያስፈልግ ያስገነዝበናል።

ውድ ተማሪዎች፤ ምስሉ የጠቆማችሁን ቦታ ናሙና ወስዳችሁ አረጋግጡ። ምስሉ ንጹሕ ሲሆን ደግሞ በሪፖርታችሁ «ጉድለት የለም» ብላችሁ አትጻፉ፤ «በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ሁኔታ፣ በዚህ መሣሪያ ጉድለት አልታየም» ብላችሁ ጻፉ። በሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ርቀት የሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል።