ለእንቁጣጣሽ በእጃችን የምንሠራው ካርድና የወረቀት ስጦታ
(በሠፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ ለነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



እንደሚታወቀው ዘመን መለወጫ እየተቃረበ ነው። ሴቶች ልጆች አደይ አበባ ይዘው «አበባየሆሽ» ይላሉ፤ ወንዶች ልጆች ደግሞ መስከረም 1 ቀን ጠዋት የሳሉትን ሥዕል ይዘው በየቤቱ እየዞሩ «እንኳን አደረሳችሁ» ይላሉ። ይህ ሁላችንም ያደግንበት ልማድ ነው።

ዛሬ ግን በየመንገዱ የታተመ ሥዕልና ካርድ ስለሚሸጥ ብዙ ልጅ መሳሉን ትቶ ይገዛል። መግዣ ያላገኘውስ? ጓደኞቹ ሲዞሩ እሱ ቤቱ ተቀምጦ ይውላል። እኛም ዛሬ ለመናገር የተነሣነው ስለዚህ ልጅ ነው። መስከረም ለወላጅ ከባድ ወር መሆኑን ማን ያጣዋል? የዶሮውና የቅቤው ወጪ ሳይረሳ ደብተርና ዩኒፎርም ይከተላል። በዚህ ላይ የካርድ መግዣ መጨመር የለበትም። ታዲያ ምን ይደረግ? እስቲ በቤታችን ያለውን እንመልከት።

አንደኛ፣ ወረቀት። ጳጉሜን ሲያልቅ ከግድግዳ የሚወርደው ካላንደር ወፍራም ነው፤ ጀርባው ነጭ ከሆነ ለካርድ የሚስማማ ነው። ካለፈው ዓመት ደብተር ያልተጻፈባቸው ገጾችና የጫማ ካርቶንም አይጣሉ።

ሁለተኛ፣ ካርዱና ፖስታው። በየጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ የሚሸጠው ኤ4 ወረቀት 21 በ29.7 ሳንቲ ሜትር ነው። ለሁለት ቆርጠን እያንዳንዱን ግማሽ ስናጥፈው 10.5 በ14.8 የሆነ ሁለት ካርድ ይወጣዋል። እጥፋቱን በማንኪያ ጀርባ ብንጫነው ቀጥ ይላል። ለፖስታው ደግሞ የሌላ ወረቀት አንዱን ጥግ ወደ ረጅሙ ጎን አጥፈን የተረፈውን ቁራጭ እንቆርጣለን፤ አራቱም ጎኑ 21 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወረቀት ይቀራል። አንዱ ጥግ ወደ እኛ እንዲዞር አድርገን ካርዱን መሀሉ ላይ እናጋድማለን። የግራና የቀኙን ጥግ ወደ መሀል ማጠፍ፣ የታችኛውን ወደ ላይ አጥፎ መለጠፍ፤ የላይኛው ጥግ ክዳን ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ሦስት ወረቀት ለሁለት ካርድ ከነፖስታው ይበቃል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ አበባው። ከፖስታው ከተረፈው ቁራጭ 8 በ8 ሳንቲ ሜትር ቆርጠን ሁለት ጊዜ እኩል እናጥፈዋለን፤ ሦስተኛውን ከጥግ ወደ ጥግ። የወረቀቱን መሀል በጣት ይዘን ክፍት የሆነውን ጫፍ ክብ አድርገን ስንቆርጠውና ስንዘረጋው ስምንት ቅጠል ያለው አበባ እናገኛለን። ይኸው አደይ አበባ!

አራተኛ፣ ቀለምና ሙጫ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ በጥቂት ሙቅ ውሃ በጥብጠን ብናጠልለው ጥሩ ቢጫ ነው። በደረቀው ቢጫ ላይ የአመድ ውሃ ጠብ ቢደረግበት ወደ ቀይ ይለወጣል፤ ልጆች ይህን ሲያዩ ይደሰታሉ። ቡና ቡናማውን፣ ከሰል ጥቁሩን ይሰጡናል። የእርድ ቀለም ፀሐይ ስለሚያደበዝዘው ካርዱ ከመስኮት ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ለሙጫው አንድ ስኒ የስንዴ ዱቄት በአንድ ስኒ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠን፣ እሳት ላይ ባለ ሦስት ስኒ የፈላ ውሃ ውስጥ እያማሰልን እንጨምራለን። ወፈር ሲል ይወርዳል። ሲቀቡት ሳሳ ይበል፤ ከዚያም ወረቀቱ እንዳይጨማደድ መጽሐፍ ይጫንበት። እሳቱ ላይ ግን ትልቅ ሰው ይቁም።

አምስተኛ፣ ለአረጋውያን የሚሆን ስጦታ። ዓይናቸው ለደከመ እናቶችና አባቶች በትልልቅ ፊደል የተጻፈ የዓመት ካላንደር እንሥራላቸው። ከጳጉሜን በስተቀር ወሮቻችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆኑ ሥራው ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ወር ካለፈው ወር ሁለት ቀን ዘልሎ ይጀምራል። መስከረም 1 ማክሰኞ ቢውል ጥቅምት 1 ሐሙስ፣ ኅዳር 1 ቅዳሜ ይሆናል። ጳጉሜን ግን 5 ቀን፣ በየአራት ዓመቱ 6 ቀን መሆኗ አይዘንጋ። ልጅ ይህን ሲሠራ ስጦታም ሰጠ፣ ሂሳብም ተማረ።

ወላጆች ሆይ፤ ልጁ ሲሠራ እርሳሱን ከእጁ አንንጠቅ። አበባው ቢጣመም፣ ፊደሉ ቢንጋደድ የእሱ ነው። በር ሲያንኳኳም ሥዕሉን ሳናይ ሳንቲም ብቻ ሰጥተን አንመልሰው። «አንተ ነህ የሳልከው? ጎበዝ!» ብለን ግድግዳችን ላይ እንለጥፍለት። እናንተም ልጆች፣ ብዙ ሳንቲም የሚሰጠውን ቤት ብቻ አትምረጡ፤ ብቻቸውን የሚኖሩ እማማና አባባ በር ላይም ቁሙ። እነሱ ዘንድ ሳንቲም ባይኖር ምርቃት አለ፤ ለእነሱም ያቺ ካርድ የዕለቱ እንግዳ ናት።

ስለዚህ ከጳጉሜን 1 ቀን ጀምሮ ከቀኑ 8 ሰዓት በማኅበራችን ቢሮ አብረን እንሠራለን። መቀስ ያለው መቀስ፣ አሮጌ ካላንደር ያለው ካላንደር፣ እርድ ያለውም ቆንጠር አድርጎ ያምጣ። ምንም የሌለው ልጅ እጁን ይዞ ይምጣ፤ ዋናው እሱ ነው። መስከረም 1 ቀን ከሠፈራችን ካርድ አጥቶ ቤት የሚውል ልጅ እንዳይኖር አደራ እንላለን።

አዲሱ ዓመት የሰላምና የጤና ይሁንልን።