ከኤደንብራ መጠጥ ቤቶች እስከ አናቶሚ ክፍላችን



ባለፈው ዓመት ለስብሰባ ስኮትላንድ፣ ኤደንብራ ሄጄ ነበር። አንድ ምሽት መንፈስ አለባቸው የሚባሉትን አሮጌ መጠጥ ቤቶች በእግር ከሚያዞር አስጎብኚ ጋር ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ወደ ውስጥ የገባሁት ብርዱን ሽሽት ነው።

ግራስማርኬት ድሮ ሰው በስቅላት የሚቀጣበት አደባባይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1724 ተሰቅላ ወደ ቀብር ስትወሰድ የነቃችው ማጊ ዲክሰን ዛሬ በስሟ መጠጥ ቤት አላት። ሞቷን ያረጋገጠው ማን ይሆን ብዬ ሳቅሁ።

ዋይት ሃርት ስንደርስ ግን ሳቄ ቆመ። በርክና ሄር የሚገድሏቸውን ሰዎች እዚያ ያጠምዱ ነበር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1828 ዓ.ም. 16 ሰው ገድለው አስከሬኑን ለአናቶሚ መምህሩ ለዶክተር ሮበርት ኖክስ ሸጡ። በርክ በ1829 ተሰቀለ፤ አፅሙ እስካሁን በዩኒቨርሲቲው የአናቶሚ ሙዚየም አለ። ከሟቾቹ አንዱን፣ ጀምስ ዊልሰንን፣ ተማሪዎቹ ጠረጴዛው ላይ ሲያዩት ለይተውት ነበር ይባላል፤ መንገድ ላይ የሚያውቁት ልጅ ነበራ! ኖክስ «እሱ አይደለም» አለ። ትምህርቱም ቀጠለ።

እኔም የኛን አስታወስኩ። ፎርማሊኑ ዓይናችንን እያቃጠለው ስምንት ሆነን የተማርንበትን ሰውዬ። ቀኝ ክንዱ ላይ ጠባሳ ነበረው። «ጋሼ» እንለው ነበር፣ ቀልድ መስሎን። የእጁን ነርቮች እስካሁን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፤ ስሙን ግን ጠይቄ አላውቅም። ከየት እንደመጣ፣ ዘመድ ይኑረው አይኑረው፣ በኋላ የት እንደተቀበረም። ከእናንተ የጠየቀ አለ?

መምህራኖቻችን ዛሬ እዚህ አላችሁ። መዝገብ ካለ ማየት እፈልጋለሁ። ከሌለ ደግሞ ከዘንድሮ አንደኛ ዓመት ተማሪዎች ጀምሮ ይከፈት፤ ወጪውን እኔ እችላለሁ።