ፎርክሊፍት በእህል መጋዘን፤ ጥድፊያና ጥንቃቄ
(ለመጋዘን ሠራተኞች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



ስለ ድርቅና ስለ ሰፈራ በተነገረ ቁጥር የሚነሣው የዝናብ እጥረት፣ የእህሉ መጠንና የጭነት መኪናው ብዛት ነው። እህሉ ከመኪና ወርዶ እስኪከመር፣ ከክምሩም ተነሥቶ እንደገና እስኪጫን ድረስ በመጋዘን ውስጥ ስለሚደክመው ሠራተኛ ግን የሚነገረው እጅግ ጥቂት ነው። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ሠራተኛና በአጠገቡ ስለሚመላለሰው ፎርክሊፍት ይሆናል።

እንደሚታወቀው በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ታላቅ ድርቅ ጊዜ የዕርዳታ እህል ወደ አገራችን ይገባ የነበረው በአሰብ፣ በምጽዋና በጅቡቲ ወደቦች ነበር። ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ዋናው በር ጅቡቲ ሆኗል። ከዚያ የተነሣው እህል በድሬዳዋ፣ በአዳማ፣ በኮምቦልቻና በሌሎችም መጋዘኖች እያረፈ ወደየወረዳው ይከፋፈላል። በብዙ መጋዘን ጆንያ የሚነሣው ዛሬም በሰው ትከሻ ነው። ፎርክሊፍት በገባበት ሥፍራ ደግሞ ሸክም ያጎነበሰው ሰውና መሣሪያው በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ይጋፋሉ። አደጋው የሚጠነሰሰው በዚህ ቦታ ነው።

የአንድ ተረጂ የወር የእህል ድርሻ በተለመደው ስሌት 15 ኪሎ ግራም ነው። እያንዳንዳቸው 50 ኪሎ የሚመዝኑ 30 ጆንያዎች በአንድ ፓሌት ላይ ተደርድረው ሲነሡ 1500 ኪሎ፣ ማለትም የ100 ሰዎች የወር ቀለብ በአንድ ጊዜ ተነሣ ማለት ነው። ይህን የሚያውቅ ሠራተኛ ቢጣደፍ የሚያስወቅሰው አይደለም፤ የሚያጣድፈው የወገኑ ረኃብ ነውና። ሆኖም አንድ ፎርክሊፍት ሲገለበጥ ወይም አንድ ክምር ሲናድ ሰው ይጎዳል፤ መተላለፊያው ይዘጋል፤ በር ላይ የተሰለፉት መኪናዎችም ይቆማሉ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው በእህል መጋዘን ውስጥ ቃል በቃል ይፈጸማል። የፈሰሰውን እህል ግን መልቀም ይቻላል፤ የጠፋውን ሕይወት አይቻልም።

ፎርክሊፍት ሲያዩት ትንሽ መኪና ይመስላል፤ ነገር ግን ጠባዩ ከመኪና የተለየ ነው። 2 ቶን ተኩል የሚያነሣው ዓይነት ራሱ ወደ 4 ቶን ይመዝናል። አሠራሩም እንደ ሚዛን ነው፤ የፊት ጎማዎቹ የሚዛኑ መደገፊያ ሲሆኑ፣ በሹካዎቹ ላይ ያለውን ጭነት ከኋላ የተገጠመው ከባድ ብረት ይመዝነዋል። ስለሆነም ጭነቱ ከመጠን ካለፈ ወይም ከሹካው ሥር ወደ ጫፍ ከራቀ የኋላ ጎማዎቹ ከመሬት ይነሣሉ፤ መሪውም አይታዘዝም፤ መሪው የሚያዞራቸው የኋላ ጎማዎቹን ነውና። በዚሁ ምክንያት ፎርክሊፍት በሚታጠፍበት ጊዜ ጀርባው ሰፊ ቦታ ጠርጎ ያልፋል። በጎኑ የቆመ ሰው በጀርባው ሊመታ፣ ከግድግዳም ጋር ሊጣበቅ ይችላል።

በመሣሪያው ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ መነበብ አለበት። ሰሌዳው 2500 ኪሎ በ50 ሴንቲ ሜትር ካለ፣ ያን ያህል የሚያነሣው የጭነቱ መሐል ከሹካው ሥር 50 ሴንቲ ሜትር ሲርቅ ነው። ርዝመቱ 120 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፓሌት በቁመቱ ሲነሣ መሐሉ 60 ሴንቲ ሜትር ላይ ይውላል፤ ስለዚህ መሣሪያው ማንሣት የሚገባው ክብደት ይቀንሳል። ጭነቱ ከፍ ባለ መጠንም ለመውደቅ ይቀርባል።

ስለዚህ ኦፕሬተሩ በሚጓዝበት ጊዜ ሹካዎቹን ከመሬት 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ አንሥቶ፣ ጭነቱንም ጥቂት ወደ ራሱ አዘንብሎ መሄድ ይገባዋል። ጭነት ይዞ በዳገት ሲወጣም ሆነ ሲወርድ ጭነቱ ምንጊዜም ወደ ዳገቱ አቅጣጫ መሆን አለበት። በሜዳ ላይ ጆንያው ፊቱን ከጋረደው በማርሽ ኋላ ይንዳ። በክምር ጥግና በበር ላይ ዝግ ብሎ ክላክስ ያሰማ። ባዶ ስለሆነ አይገለበጥም ብሎ በፍጥነት መታጠፍም ከባድ ስሕተት ነው፤ ባዶ ፎርክሊፍት በጎኑ ለመውደቅ ቅርብ ነው።

መሣሪያው መገልበጥ ከጀመረ ዘልሎ ለማምለጥ መሞከር ይገድላል። የሚዘል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከራስ በላይ ባለው የብረት ከለላ ሥር ይወድቃል። ቀበቶውን ያሰረ ኦፕሬተር መሪውን አጥብቆ ይዞ፣ እግሩን ተክሎ፣ ከሚወድቅበት ወገን በተቃራኒ ዘንበል ብሎ በመቀመጫው ይቆይ።

ለጫኝና አውራጆች የምናሳስበው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ሕይወት ያድናል። ከተነሣ ሹካ ሥር አትለፉ። ወደ ክምር ጫፍ ለመውጣት በሹካው ወይም በፓሌቱ ላይ አትቆሙ። ኦፕሬተሩ ዓይናችሁን ሳያይ በፊቱም ሆነ በኋላው አትሻገሩ።

ኃላፊነቱ ግን በሠራተኛው ትከሻ ላይ ብቻ የሚጣል አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው ስለ ሥራው አደጋ ለሠራተኞቹ እንዲያስረዳና የመከላከያ መሣሪያ እንዲሰጥ ያዛል። ያልሠለጠነን ሰው ቁልፍ ሰጥቶ ማሰማራት፣ ፍሬኑ የላላውን መሣሪያ ለዛሬ ብቻ ብሎ ማሠራት፣ የእግረኛና የፎርክሊፍት መንገድ ሳይለዩ መኪና በመኪና ላይ መጥራት፣ የኃላፊው ጥፋት ነው። ሥራው ሲያበቃም ሹካው መሬት መንካቱን፣ የእጅ ፍሬኑ መያዙን፣ ቁልፉም መነሣቱን የሚያረጋግጥ ሰው ይመደብ።

ከሁሉ በላይ፣ አደጋ ያየ ማንኛውም ሠራተኛ፣ የቀን ሠራተኛም ቢሆን፣ «አቁም!» ብሎ ሲጮኽ ሥራው ይቁም፤ ስለ መቆሙም አይወቀስ። ይህ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው። በወረዳው የሚጠባበቀው ወገናችን የሚሻው እህሉ በየወሩ ሳይቋረጥ እንዲደርሰው ነው። ሳይቋረጥ የሚያደርሰው ደግሞ ጠዋት ወደ መጋዘኑ በገባበት ጤንነት ማታ ወደ ልጆቹ የሚመለስ ሠራተኛ ነው።