ጫማውን አይተውት ነበር?

(በዳግም መገናኛ በዓላችን ላይ የቀረበ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው የላከልንን ፎርም ሁላችሁም የሞላችሁት ይመስለኛል። «ከምረቃ በኋላ የተከታተሉት ትምህርት» የሚል ቦታ ነበረው። እኔ «ማስተርስ፣ ስፖርት ሳይንስ» ብዬ ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን ከኮሚቴው አንዱ ደወለና «ዶክተር፣ እዚህ ጋ ስህተት አለ መሰለኝ፤ የስፖርት ሕክምና ለማለት ነው አይደል?» አለኝ። አይደለም አልኩት። ከሰውነት ማጎልመሻ መምህራን ጋር አንድ ክፍል ቁጭ ብዬ፣ የስፖርት አስተዳደር ኮርስ ወስጄ፣ ሜዳ ላይም ሮጬ የተመረቅኩበት ነው። ትንሽ ዝም አለና «እንግዲያው ስለዚህ ጉዳይ ንግግር ታደርጊልናለሽ» አለኝ። ይኸው ቆሜያለሁ።

በእሱ አልፈርድም። እናቴ ስትሰማ ያለችው «ሰባት ዓመት ያስተማርኩሽ ፊሽካ ልትነፊ ነው?» ነበር። ከእናንተም መካከል «ጂም ልትከፍቺ ነው?» ብላችሁ የጻፋችሁልኝ አላችሁ፤ ስም አልጠራም። እውነቱን ለመናገር እኔም ተማሪ ሳለሁ ከዚህ የተለየሁ አልነበርኩም። ስፖርት የሚያስተምር ሰው ስናይ ቱታና ፊሽካ ብቻ ነበር የሚታየን። እኛ ፊዚዮሎጂ እንማራለን፣ እነሱ ኳስ ይጠልዛሉ፤ በቃ።

ሐሳቤን የለወጡት አንድ ታካሚዬ ናቸው። ታሪኩን ለመናገር አሁንም ይከብደኛል።

በ2008 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ወጣ ባለች ከተማ በጠቅላላ ሐኪምነት እሠራ ነበር። ሃምሳዎቹን ያጋመሱ አንድ እህል ነጋዴ ለስኳር ክትትል ይመጣሉ። ስኳራቸው አልወርድ ብሎ አስቸግሯል፣ ክብደታቸው ጨምሯል፣ ቀኑን ሙሉ መጋዘናቸው በር ላይ ተቀምጠው ነው የሚውሉት። መድኃኒታቸውን አስተካከልኩና ካርዱን እየዘጋሁ፣ ቀና እንኳ ሳልል፣ «ጋሼ፣ ስፖርት ይሥሩ፣ በእግርዎ ይሂዱ» አልኳቸው። ደጅ ላይ ተራ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው። ካርዱ ላይ ሁላችንም የምናውቃትን መስመር ጻፍኩ፦ «ላይፍስታይል ሞዲፊኬሽን አድቫይዝድ»። ይቺ መስመር ስንት ነገር እንደምትሸፍን ታውቃላችሁ።

እሳቸው ግን ቃሌን አከበሩ። ሸራ ጫማ ገዙ። ጠዋት አንድ ሰዓት ያህል፣ ማታም እንደዚያው፣ ኮብልስቶኑ ላይ መሄድ ጀመሩ። ከአንድ ወር በኋላ ሲመጡ የቀኝ ውስጥ እግራቸው ላይ የጠለቀ ቁስል ነበር። ጫማው ፈግፍጎት፣ ውኃ ቋጥሮ፣ ፈንድቶ፣ መግሏል። አላመማቸውም፤ ስሜቱ ከጠፋ ቆይቷል። ያን ቀን ጫማቸውን አስወልቄ እግራቸውን በጥጥ ጫፍ እንኳ ነካ አድርጌ ቢሆን ኖሮ አውቅ ነበር። ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላክኋቸው። መጀመሪያ ጣታቸው፣ ከዚያ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ከወራት በኋላ በክራንች ተደግፈው መጡና ምን አሉኝ? «ዶክተርዬ፣ ያዘዙኝን አንድ ቀን እንኳ አላጎደልኩም።» ወቀሳ አልነበረም። ጎበዝ ታካሚ እንደነበሩ እንዳውቅላቸው ነው የነገሩኝ።

ልጆች አሳድጌ፣ አመንትቼ፣ በመጨረሻ የተመዘገብኩት 41 ዓመቴ ላይ ነው። የክፍል ጓደኞቼ አብዛኞቹ የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን ነበሩ። አንድ የእግር ኳስ ክለብ አስተዳዳሪ፣ አንዲት የጂም ባለቤት፣ አንድ ደግሞ ከክፍለ ከተማ ስፖርት ጽሕፈት ቤት የመጣ ነበር። በመጀመሪያው ሴሚስተር ከሥራችን አንድ ገጠመኝ እንድናቀርብ ታዘዝን። እኔም የእሳቸውን ታሪክ፣ ስም ሳልጠራ፣ ልክ እንደ ሞርኒንግ አቀረብኩት፦ የበሽታው ታሪክ፣ ምርመራ፣ ላቦራቶሪ፣ ሕክምና። ስጨርስ ሃያ ሦስት ዓመት ያስተማሩ አንድ መምህር እጃቸውን አወጡ።

«ዶክተር፣ በሳምንት ስንት ቀን ብለው ነው ያዘዙላቸው?»

አላልኩም።

«በቀን ስንት ደቂቃ?»

አላልኩም።

«በምን ያህል ፍጥነት? መሬቱስ አስፋልት ነው፣ ኮረኮንች?»

ዝም።

«ጫማውን አይተውት ነበር?»

ሞርኒንግ ላይ ስንት ፕሮፌሰር አፋጦኛል። እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጡም አሉ። እንደዚያ ቀን ያለ ላብ ግን አጥምቆኝ አያውቅም። ሰውዬው ሊያሳፍሩኝ አልነበረም። ለእሳቸው የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎችን ሜዳ ከማውጣታቸው በፊት በየቀኑ የሚጠይቁት ጥያቄ ነው።

አሞክሲሲሊን ስናዝ 500 ሚሊግራም፣ በየ8 ሰዓቱ፣ ለ7 ቀን እንላለን። «አንቲባዮቲክ ይውሰዱ» ብሎ ብቻ የሚያሰናብት ሐኪም ብናገኝ ምን እንደምንለው አስቡት። እንቅስቃሴ ላይ ግን ሁላችንም እንደዚያ ነን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ፣ ከዚያም ላይ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። «መካከለኛ» ማለት ምን እንደሆነ ለታካሚ ማስረዳት ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ቀላሉ መለኪያ ወሬ ነው፤ እየሄዱ ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃታቸው፣ ልክ ነው። ስዊድናዊው ቦርግ የሠራው ከ6 እስከ 20 የሚደርስ የድካም መለኪያም አለ። ከ220 ላይ ዕድሜን ቀንሶ በልብ ምት መለካትም አለ፤ አቴኖሎል ለሚወስድ ሰው ግን የልብ ምቱ እንደ ሌላው ስለማይፈጥን ሒሳቡ አይሠራም። ይቺን ለክፍሉ ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ሙሉ በሙሉ አልተዋረድኩም ለማለት ያህል ነው።

የእኛንም አገር ነገር አስቡት። ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ጿሚ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ ሳይቀምስ «በእግርዎ ይሂዱ» ያልነውን ቢፈጽም፣ ስኳሩ ወርዶ መንገድ ላይ ሊወድቅ ይችላል። መቼ እንደሚሄድ ነግረነዋል? እኔ አልነገርኩም።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። ጄሪ ሞሪስ የተባለው ብሪታኒያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1953 የለንደን አውቶቡስ ሠራተኞችን ጥናት ሲያወጣ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ከሚነዱት ሾፌሮች ይልቅ ደረጃ እየወጡ እየወረዱ ትኬት የሚቆርጡት ላይ የልብ ሕመሙ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። (የእኛ የአንበሳ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ቁጭ ብሎ ነበር የሚሠራው፤ የሚኒባሱ ረዳት ይሻላል።) ስለዚህ ጥናት ይህ ግቢ አስተምሮን ይሆናል። ለፈተና አጥንቼው ረስቼው ይሆናል።

ቀላል ነው ብዬ የናቅኩት ኮርስ የስፖርት አስተዳደር ነበር። በጀት፣ የማዘውተሪያ ስፍራ አያያዝ፣ የውድድር ዝግጅት። ለቡድን ሥራ አንድ የእግር ኳስ ሜዳ ሄደን «አሁን አንድ ተጫዋች ቢወድቅ ምን ይሆናል?» ብለን እንድንጽፍ ተሰጠን። እኔ ስለ ልብ ምት መዛባት ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ያ የክፍለ ከተማው ልጅ የጻፈው አንድ መስመር ነው፦ «አምቡላንስ የሚገባበት በር በሰንሰለት ተቆልፏል፤ ቁልፉ ያለው ሰው የለም።» ከሁለታችን የትኛው ሰው እንደሚያድን ንገሩኝ። ልብ በድንገት ሲቆም በኤሌክትሪክ ንዝረት የመመለስ ዕድሉ በየደቂቃው ከ7 እስከ 10 በመቶ እንደሚቀንስ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2012 ለንደን ውስጥ ጨዋታ ላይ የወደቀው ፋብሪስ ሙአምባ ልቡ ለ78 ደቂቃ ቆሞ የተረፈው፣ ሜዳው ላይ ደረቱን መጫን የሚያውቁ ሰዎች፣ መሣሪያው፣ ከተመልካቹ መካከል ወርዶ የረዳ የልብ ሐኪም፣ የተከፈተም በር ስለነበረ ነው።

ስለ ትምህርት ቤቶች ብዙ ማለት ይቻላል፤ ሰዓት ስለሌለኝ አንድ ነገር ብቻ። ያ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ይላል። በኪራይ ቪላ ውስጥ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ሜዳ ከየት ያመጣል? የክፍል ጓደኞቼ የቅርጫት ኳስ ሕግ ሰሌዳ ላይ ጽፈው ልጆቹ ደብተራቸው ላይ እንደሚገለብጡ ነገሩኝ። ፈተና ሲደርስ ክፍለ ጊዜያቸውን የሒሳብ መምህሩ ይወስድባቸዋል። አንዲት መምህርት ደግሞ ሴቶቹ ልጆች የወር አበባ ሲጀምሩ ከሜዳ እንደሚቀሩባት አጫወተችኝ። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም፤ ልብስ መቀየሪያ ክፍልና ውኃ የለም። እነዚያ ልጆች ሠላሳ ዓመት ቆይተው የደም ግፊት ይዘው እኛ ዘንድ ይመጣሉ፤ እኛም «ስፖርት ሥሩ» እንላቸዋለን።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ክሊኒኬ ውስጥ ያ «ጫማውን አይተውት ነበር?» ያሉኝ መምህር ከእኔ ቀጥሎ ባለው ክፍል ይቀመጣሉ። እኔ መርምሬ፣ እግር ፈትሼ፣ የሚከለከለውን ጽፌ እልካለሁ፤ እሳቸው ቀን፣ ደቂቃና ዓይነት ያዝዛሉ። ወረቀቱ ላይ ሁለታችንም እንፈርማለን። መጀመሪያ ሰሞን ታካሚዎቹ «ሐኪሙ የትኛው ነው?» ይሉ ነበር። እኔም፣ አልዋሽም፣ ትንሽ ይከነክነኝ ነበር።

እህል ነጋዴውንም ደውዬ ጠራኋቸው። ይመጣሉ ብዬ አልጠበቅኩም፤ መጡ። ያን ቀን የሠራሁትን፣ ማየት የነበረብኝንም ነገር ነገርኳቸው። ዝም ብለው አዳመጡኝና «እሱን ተይው ልጄ፤ አሁን ምን ልሥራ?» አሉኝ። መምህሩ ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ አሸዋ የተሞላ ሃይላንድ በሁለት እጃቸው አስይዘው፣ ክንዳቸውን ማንሳት አስጀመሯቸው። አሥር፣ እረፍት፣ ደግሞ አሥር። ሦስተኛው ዙር ላይ ላባቸውን እየጠረጉ «ይሄ እንኳ ከኩንታል ይከብዳል» ብለው አሳቁን።

ከአሜሪካና ከአውሮፓ የመጣችሁ ጓደኞቼ ለሆስፒታሉ ምን እንላክ ብላችሁ ስትመክሩ ሰምቻለሁ። ሞኒተሩ ይምጣ፣ አልቃወምም። ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ግን ለስኳር ታካሚዎች የሚሆን ሰፋ ያለ ጫማ ጨምሩልኝ።

ነገ ጠዋት 12፡30 ላይ ግቢው ሜዳ እንገናኛለን። መምህሩን ይዣቸው እመጣለሁ፤ ፊሽካም አላቸው። ቁርስ ሳትበሉ እንዳትመጡ። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ካላችሁ ማታውኑ ጆሮዬ ላይ ንገሩኝ። በር ላይ ቆሜ የሁላችሁንም ጫማ አያለሁ፣ የፕሮፌሰሮቻችንንም ጭምር።