በትንሽ ባቡር ላይ ስለሚሠራ የማግኔት ብልሃት የተነገረ ንግግር



ልጅ በጨዋታ የተማረውን በሽምግልናው አይረሳውም። ስለዚህ ለጨዋታ ከተሠራ ከትንሽ ባቡር እንኳ ቁም ነገር ይገኛል።

አስቀድሞ የትልቁ ባቡር ነገር ይነገር። በአሜሪካ አገር ፉርጎና ፉርጎ ቀድሞ የሚያያዙት በብረት ቀለበትና በችንካር ነበር። ሠራተኛው በሁለቱ ፉርጎዎች መካከል ቆሞ ቀለበቱን በእጁ እያቀና ችንካሩን ይሰካ ነበር። ፉርጎው ሲመጣ እጁን ፈጥኖ ያላወጣ ሰው ጣቱን ያጣል፤ በመካከል ተጨፍልቆ የሞተውም ብዙ ነው። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1873 ዓ.ም. ኤላይ ጄኒ የተባለ ሰው፣ እንደ ታጠፈ የሰው ጣት ሆኖ ሲጋጠም ራሱ የሚቆላለፍ ማያያዣ አወጣ። በ1893 ዓ.ም. ደግሞ ሠራተኛው በፉርጎዎች መካከል ሳይገባ የሚያያዙበትና የሚፈቱበት መሣሪያ እንዲደረግ የአሜሪካ መንግሥት በሕግ አዘዘ።

እውነተኛውን ባቡር 87 ጊዜ አሳንሰው የሚሠሩ ሰዎችም አሉ፤ የሐዲዳቸው ስፋት 16.5 ሚሊሜትር ነው። እንዲህ ያለውን ትንሽ ፉርጎ በእጅ ለመፍታት ቢሞክሩ ከሐዲዱ ሊወጣ ይችላል። ኪት ኤድዋርድስና ዴል ኤድዋርድስ የተባሉ መንትያ ወንድማማቾች በኦሬጎን ያቋቋሙት ኬዲ የተባለው ፋብሪካ ግን በማግኔት የሚፈታ ማያያዣ ሠራ።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ከእያንዳንዱ ማያያዣ በታች ቀጭን የብረት ሽቦ ይንጠለጠላል። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ማግኔት ይደረጋል፤ አንደኛው ዋልታው በቀኝ፣ ሁለተኛው በግራ ነው። ማያያዣዎቹ ከማግኔቱ በላይ ሲደርሱ አንዱ ሽቦ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ይሳባል፤ የተቆላለፉትም ጣቶች ይከፈታሉ። ነገር ግን ባቡሩ እየጎተተ ሲያልፍ አይፈታም፤ መጎተቱ ጣቶቹን አጥብቆ ይይዛቸዋልና። የሚፈታው ባቡሩ ቆሞ ጥቂት ወደ ኋላ ሲመለስና ማያያዣው ሲላላ ነው። ከዚያም ጥቂት ተለይቶ በማግኔቱ ላይ እንደገና ቢገፋ፣ ጣቶቹ ጎን ለጎን ስለሚተላለፉ ፉርጎው ሳይያያዝ እስከ ተፈለገው ስፍራ ይሄዳል። የመንኮራኩሩ ዘንግ ግን ማግኔት ከማይስበው ነገር ይሠራ፤ አለዚያ ማግኔቱ ፉርጎውን ራሱን ይስበዋል።

ትንሽ ባቡር በሌለበት ትምህርት ቤት ይህንኑ በሁለት መርፌ ማሳየት ይቻላል። መምህሩ መርፌዎቹን በክር ጎን ለጎን አንጠልጥሎ፣ ማግኔቱን ጫፎቹ ወደ ቀኝና ወደ ግራ እንዲሆኑ ከበታቻቸው ያጋድመው። መርፌዎቹን በጣቱ አጥብቆ ሲይዛቸው አይለያዩም፤ ሲለቃቸው እያንዳንዱ ወደሚቀርበው ጫፍ ይሄዳል።

ልጆቹ ይህን ካዩ በኋላ ስለ ቀለበቱና ስለ ችንካሩ ይነገራቸው። የዕውቀት ጥቅም ሥራን ማፍጠን ብቻ አይደለም፤ የሠራተኛው እጅ በደኅና ወደ ቤቱ እንዲመለስ ማድረግም ነው።